ምን ብለው ሞቱ?

ልቅሶ ቤት ገብተን ወንበር ከያዝን፣ ንፍሮውም ዞሮ ከደረሰን በኋላ አንድ የማይቀር ጥያቄ አለ። «ለመሆኑ ምን ብለው አረፉ?» ጠያቂዋ ነጠላዋን ወደ አፏ ጠጋ አድርጋ ነው የምትጠይቀው። መልሱም ዝግጁ ነው። «ሁላችንንም በየስማችን ጠርተው፣ መርቀው፣ 'ተዋደዱ' ብለው፣ ሸለብ አደረጋቸው።»

ውሸት ነው። ሰውየው መጨረሻ ላይ የተናገሩት «ትራሱን ከፍ አድርጉልኝ» የሚል ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ በሩን ክፍት የተወውን ሰው ተቆጥተዋል። በቀብሩ ዕለት «ውሃ ስጡኝ አሉ» ይባል የነበረው ለሠልስት ምርቃት ይሆናል። ለአርባው ረዘም ያለ ምክር ይወጣዋል። ሙት ዓመት ሲደርስ ጭራሽ የሚሞቱበትን ቀን ቀድመው ነግረውን ነበር።

ደግሞስ መቼ ፋታ ሰጥተናቸው ይናገሩ? ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ይዘን «እባክህ ለእሳቸው እንዳትነግራቸው» ብለነዋል። እዚያው አልቅሰን፣ ዓይናችንን ጠራርገን እንገባና «ዛሬማ ፊትዎ ወዝ አለው!» እንላለን። በሽተኛው ሁሉንም ያውቃሉ። እኛ እንዳንደነግጥ ብለው ነው ዝም የሚሉት።

ከዚያ ጠያቂ ይጎርፋል። እያንዳንዱ አልጋው ላይ ጎንበስ ይልና ፈተናውን ያቀርባል። «አወቁኝ? እኔ ማን ነኝ?» መተንፈስ ያቃተው ሰው ስም ሲያስታውስ ይውላል። ከመለሰ «አወቀኝ! አወቀኝ!» ተብሎ ለቤቱ ሁሉ ይታወጃል። ከሳተ ጠያቂው ቅር ብሎት ይወጣል። ብርቱካኑን ግን ትቶ ነው የሚሄደው፤ ይህንን አልክድም።

የአሜሪካው ስልክ የሚደወለው ይኼኔ ነው። «አባዬ፣ ቪዲዮ ነው! ሰላም በላት እንጂ!» ስልኩ አፍንጫቸው ላይ ይደቀናል። ልጅቱ እዚያ ማዶ ታለቅሳለች። የሚታያት የአባቷ ግማሽ ግንባርና የክፍሉ ጣሪያ ነው። «ይሰማል? አባዬ፣ ይሰማል?» ኔትወርኩ ይቆረጣል። በዘመናችን የስንቱ አባት የመጨረሻ ቃል «አይሰማም» እንደሆነ ቤቱ ይቁጠረው።

ስለ ገንዘብ ከተነሳ ደግሞ ሁሉም ሐኪም ይሆናል። «ለእገሌ አሥር ሺህ ብር አለብኝ» ሲሉ ልጆች እርስ በርስ ይተያያሉ። «ትኩሳቱ ነው፣ እየቃዡ ነው።» «እገሌ ዘንድ አሥር ሺህ ብር አለኝ» ካሉ ግን አእምሯቸው ንጹሕ ነው። እስክሪብቶ ይፈለጋል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እኛን ሳያውቀን አልቀረም። ሞቱ የተቃረበ የመሰለው ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል መናዘዝ ይችላል ይላል። የሚናዘዘው ግን ስለ ቀብሩ፣ ስለ ትንንሽ ልጆቹ ሞግዚት፣ ሲበዛም ለአንድ ሰው ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ነው። ያኔ 500 ብር ብር ነበረች። ዛሬ የደህና ዶሮ ዋጋ እንኳ አትሞላም። ስለዚህ «ቤቱን ለታናሿ ሰጥቻለሁ» ብሎ ዓይኑን የከደነ አባት ለታናሿ ያወረሳት ቤቱን አይደለም፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ነው።

ንጉሠ ነገሥት መሆንም አይረዳም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ወራሼ ነው ብለው ሲያሳውጁ፣ ቃላቸውን ያፈረሰ ጥቁር ውሻ ይውለድ ብለው ረግመዋል። ብዙም ሳይቆይ ሕመም አንደበታቸውን ያዘው። እስከ ታኅሣሥ 1906 ድረስም በዝምታ ኖሩ። ሲሞቱም ሞታቸው ከሕዝብ ተደበቀ። መኳንንቱ መስከረም 1909 ላይ ኢያሱን አወረዱት። ከመካከላቸው ጥቁር ውሻ የወለደ ስለመኖሩ የተጻፈ ነገር አላየሁም።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚያሳዝነው ተናዝዞ የዳነ ሰው ነው። አንድ የሰፈራችን ሰው ሌሊት ሕመሙ ሲጠናበት ሚስቱን እጇን ይዞ፣ ናዝሬት አንዲት ልጅ እንዳለችው ነገራት። የንስሐ አባቱ ተጠሩ። ቤቱ ተላቀሰ። ሚስት «ይቅር ብዬሃለሁ» አለች፤ ለሚሞት ሰው ሌላ ምን ይባላል? ጠዋት ሰውየው አጥሚት ጠየቀ። በሳምንቱ ተነስቶ ዕቁብ ሄደ።

በቃል የተደረገ ኑዛዜ፣ ተናዛዡ በሕይወት ከቆየ፣ በሦስት ወሩ ይወድቃል ይላል ያው ሕግ። ሰውየው ይህን ቢጠቅስላት ምን እንደምትለው እንጃ። አሁን ጉንፋን በያዘው ቁጥር ሚስቱ ወንበር ስባ አጠገቡ ትቀመጣለች። «አይዞህ» ትለዋለች፣ «የቀረህ ካለ ጨርሰው።»