በፊርማ የጸደቀ ቦይ

ሕዝብ አልተሳተፈም የሚል ካለ ፊርማውን ይቁጠር። ሰሞኑን ደሴ፣ አንድ ሰፈር ውስጥ፣ የጌጠኛ ድንጋይ መንገድና የጎርፍ ቦይ ዕቅድ «ለውይይት» ቀረበ፤ ያውም በሰኔ! በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 እንደሚጀምር የምታውቁ ነገረኞች «ገንዘቡ ተደልድሎ ካለቀ በኋላ ነው እንዴ የምንጠየቀው?» ትሉ ይሆናል። ተዉ እንጂ! ጥር ላይ ቢጠሯችሁ ሐሳብ ትሰጡ ነበር፤ ሐሳብ ደግሞ ዕቅድ ያበላሻል።

ጥሪው ማታ በድምፅ ማጉያ፣ ለጠዋት 2፡30፣ ለዚያውም በገበያ ቀን። የሚጀመረው 4፡30 ነው። ሥራ ያለው ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል፤ ሥራ የሌለው ሕዝብ ይሆናል።

ከሁሉ የምትደነቀው ግን አቴንዳንሷ ናት። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ጾታ፣ ስልክ፣ ፊርማ። አጀንዳው ሳይነገር ትዞራለች። አንዱ ለራሱ፣ ለሚስቱና ኮምቦልቻ ሥራ ለዋለ ልጁ በሦስት ዓይነት የእጅ ጽሑፍ ይፈርማል። ቡና የምታፈላዋ ሴትዮ ረከቦቷን ሳትለቅ ትፈርማለች፤ በጾታው ረድፍ «ሴ» ሳስታለቻ! አባቱን ሊጠራ ብቅ ያለ ጎረምሳ «ወጣት» ተብሎ ይያዛል። በአቦል 40 የነበረው ሰው በቶና 70 ይገባል፤ በረካ ላይ የወረቀቱ ጀርባ ይሰመራል። አዳራሹ ያለው ወንበር 50 ነው። ከዚያ አቴንዳንሷ ከቃለ ጉባኤው ጋር በስቴፕለር ትመታና የመጣ ሁሉ የተስማማ ይሆናል፤ «ሰፊ ውይይት ተደርጎበት በሙሉ ድምፅ ጸደቀ»። እጅ ያወጣ የለም፤ ተቃውሞና ድምፀ ተአቅቦ የሚጻፍበት መስመርም የለም። ሻይ ሊጠጣ የገባ ሰው ዳቦውን ሳይጨርስ በጀት አጽድቆ ይወጣል።

አስተያየትም አለ፣ አይካድም። ሦስት ሦስት ይሰበሰባል። አንደኛው መድረኩን ያመሰግናል፤ ሁለተኛው አንደኛውን ያመሰግናል፤ ሦስተኛው ገና «ቦዩ...» ሲል ሰዓት ያልቃል።

ሦስተኛው ግን ልክ ነበር። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ በየትኛው ቅያስ እንደሚገባ፣ የትኛው ቱቦ በደለልና በፌስታል እንደሚደፈን ከዚያ ሰፈር ሰው በላይ የሚያውቅ መሐንዲስ የለም። ከዳገቱ በኩል ቦይ ካልተቆፈረ ውሃው ድንጋዩ ሥር ይገባል፤ አሸዋውን ጠርጎ ይወስዳል፤ ድንጋዩ ይሰምጣል፣ ይላቀቃል። ይህን ለመስማት አምስት ደቂቃ ይበቃ ነበር። ድሃ ከጉሮሮው ነጥቆ መዋጮ ከፍሎ፣ ክረምቱን ከቤቱ ውሃ በባልዲ ሲቀዳ ማደሩ ነውር ነው! አቤት ሲል ደግሞ «አንተም ፈርመሃል» ብሎ ወረቀት ማውጣት ከነውርም በላይ ነው።

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። ተሳትፎን በቁጥር ማስፋት የቆየ ሙያችን ነው፤ በ2000ው የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት ወንበር እስከ 300 ደርሶ ነበር። በ2005ም ተመረጠ፤ የ2010ሩ ምርጫ ግን ተራዘመ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ላይ ሕዝቡ አካባቢውን በሚመለከት ፕሮጀክት ሐሳብ እንዲሰጥ የመጠየቅ መብት አለው ይላል። «ሐሳብ» የሚለው የማተሚያ ቤት ስህተት ሳይሆን አይቀርም፤ «ፊርማ» ለማለት ነው። አበጋሮቻችንማ፣ የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ደም ሲያደርቁ (ደመኞችን ሲያስታርቁ) ሁለቱንም ወገን ሳይሰሙ አይነሱም፤ አቴንዳንስ የላቸውም፣ ኋላ ቀሮች!

ለሚቀጥለው ስብሰባ እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ። ባለፈው ቀለሙ አልቆ ከኋላ የተቀመጠው ሁሉ ሳይሳተፍ ቀርቷል።