ሕመምን ሳያስጌጡ መጻፍ

ባለፉት ጥቂት ወራት ሦስት ልብ ወለዶችን በተከታታይ አንብቤያለሁ፤ የመዓዛ መንግሥቴን «ዘ ሻዶው ኪንግ»፣ የአብዱልራዛቅ ጉርናን «አፍተርላይቭስ» እና የዲናው መንግሥቱን «ሰምዋን ላይክ አስ»። ሦስቱም በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው፤ ደራሲዎቹም በሕፃንነት ወይም በወጣትነት ዕድሜያቸው ከተወለዱበት አገር የወጡ ምሥራቅ አፍሪካውያን ናቸው። ስለ ሦስቱም ብዙ ምስጋና ተጽፏል፤ እኔ ግን እንደ አንድ አንባቢ የተሰማኝን በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። መለኪያዬ አንድ ነው፤ ደራሲው ከሰው ሕመም ፊት ሲደርስ ምን ያደርጋል?

እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሞ በቀጣዩ ዓመት ከቡከር የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች አንዱ የሆነው «ዘ ሻዶው ኪንግ» የሚተርከው በ1928 ዓ.ም. ስለተጀመረው የጣሊያን ወረራ ነው። ሂሩት ወላጆቿን ያጣች፣ በኪዳኔና በባለቤቱ በአስቴር ቤት የምታገለግል ልጅ ናት። ከአባቷ የቀራት ውርስ አንድ ውጅግራ የሚባል አሮጌ ጠመንጃ ብቻ ሲሆን እሱንም ኪዳኔ ለጦርነቱ ብሎ ይወስድባታል። ኪዳኔ በቀን ጦር የሚመራ አርበኛ፣ በሌሊት ሂሩትን የሚደፍር ሰው ነው። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ለሁለት ቀን ያህል አስቀመጥኩት። ስለ አርበኞች የተማርነው ሁሉ በፉከራና በቀረርቶ የታጀበ ስለሆነ፣ ይህ አቀራረብ የአባቶችን ስም ማጉደፍ ነው የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። አልስማማም። መዓዛ የኪዳኔን ጀግንነት አልካደችም፤ ለአገሩ መሞት የሚችል ሰው በገዛ ሰፈሩ ውስጥ ሌላ ጦርነት ሊያካሂድ እንደሚችል ነው ያሳየችን። ከአንድ ወገን ብቻ ሲነገረን የኖረው ታሪክ፣ ስንቅ ተሸክመው፣ ቁስለኛ አንሥተው፣ ጠመንጃም ይዘው የዘመቱትን ሴቶች ሌሊት አላወራልንም።

በዚሁ መጽሐፍ ላይ የአማርኛ አንባቢ ብቻ የሚያጋጥመው አንድ ጉዳይ አለ። እንግሊዝኛ «አንተ»ን፣ «አንቺ»ን እና «እርስዎ»ን በአንድ ቃል ይጠቀልላቸዋል። እኔ ግን ንግግሩን ሁሉ በልቤ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነበር የማነበው። ሂሩት አስቴርን «እርስዎ» እንደምትል፣ አስቴር ደግሞ ሂሩትን «አንቺ» እንደምትላት አልጠራጠርም። ከዚያ ሌሊት በኋላ ግን ሂሩት ኪዳኔን ምን ብላ ታናግረዋለች? እንግሊዝኛው ጥያቄውን ሳያነሣው ያልፋል፤ የአማርኛ አንባቢ ግን ሳይመልሰው አንዲት ንግግር እንኳ ሊያነብ አይችልም። እኔ «እርስዎ» ማለቷን እንዳላቆመች አድርጌ አነበብኩት፤ የማቆም ሥልጣኑ አልነበራትምና። ትዕይንቱም ከተጻፈው በላይ ከበደኝ። ንጉሠ ነገሥቱ ሲሰደዱ መልኩ እሳቸውን ስለሚመስል የንጉሥ ልብስ ለብሶ በሕዝቡ ፊት እንዲታይ የተደረገው ተራ ሰው ስሙ «ምንም» ነው። የባዕድ አንባቢ የስሙ ትርጉም ሊነገረው ይገባል፤ እኛን ግን ስሙ በተጠራ ቁጥር ያመናል።

የማልወደውንም ልናገር። መዓዛ ቋንቋዋን ትወደዋለች፤ አንዳንዴም ከሚገባው በላይ። ሕመሙ ራሱ በቂ በሆነበት ቦታ ላይ ምሳሌ በምሳሌ፣ ዘይቤ በዘይቤ ትደራርብበታለች። እንደ ቅኔ ማኅበር እየተቀባበሉ የሚናገሩት ድምፆች የሚገቡባቸው ክፍሎች፣ አሁን ያነበብነውን ድርጊት ምን ብለን እንድንረዳው የሚነግሩን ስለሚመስሉ፣ ከሂሩት ጎን እየነጠሉ ወሰዱኝ። ንጉሠ ነገሥቱ «አይዳ» የተባለውን የቬርዲን ኦፔራ የሚያዳምጡባቸው ገጾችም የተጠኑ እንጂ የኖሩ አልመሰሉኝም፤ ስለ ሞተችው ልጃቸው ስለ ዘነበወርቅ ሲያስቡ ብቻ ሰው ሆነው ታዩኝ። ይልቁንስ ከሁሉ የማልረሳት እስከ መጨረሻው ስሟ የማይነገረንን ወጥ ቤቷን ነው። ስለ እሷ ደራሲዋ ብዙ አልተቀኘችም፤ ሥራዋንና እጇን ብቻ አሳየችን።

ወደ ጉርና ስሻገር ልዩነቱ ወዲያው ተሰማኝ። የዛንዚባር ተወላጁ ጉርና እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘ ደራሲ ሲሆን፣ ይህ መጽሐፉ ሽልማቱን ከማግኘቱ አንድ ዓመት ቀድሞ የወጣ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው የዛሬዋን ታንዛኒያ በሚጨምረው የጀርመን ቅኝ ግዛት ውስጥ ነው። አፊያ የምትባለዋ ልጅ ወንድሟ ኢልያስ ማንበብና መጻፍ ያስተምራታል። እሱ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ከሄደ በኋላ ግን የሚያሳድጋት ሰው መጻፍ መቻሏን ሲያውቅ ደብድቦ እጇን ይሰብረዋል። ጉርና ይህን በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ነግሮን ያልፋል፤ አያለቅስልንም፣ እንድናለቅስም አይለምነንም። እጇ ግን እስከ መጽሐፉ መጨረሻ ከእኛ ጋር ይቆያል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ «አስካሪ» የሚለው ቃል ነው። በእኛ ዘንድ ቃሉ ከጣሊያን ጎን ተሰልፎ የወጋንን ጥቁር ወታደር ያስታውሰናል፤ በመዓዛ መጽሐፍም ያሉት ከወራሪው ጋር ነው። በጉርና መጽሐፍ ግን ባለታሪኩ ሐምዛ ራሱ ወዶ የጀርመን አስካሪ የሆነ ወጣት ነው። መጽሐፉን ስጀምር የምፈርድበት ሰው አድርጌ ነበር የጠበቅኩት፤ ቆስሎ፣ እያነከሰ ወደ ባሕር ዳርቻዋ ከተማ ተመልሶ ሥራ ሲለምን ግን ፍርዱ ከእጄ ወደቀ። ሐምዛና አፊያ በዝግታ የሚቀራረቡባቸው ገጾች በቅርብ ዓመታት ካነበብኳቸው የፍቅር ታሪኮች ሁሉ ይበልጡብኛል። ጉድለቱ ከማለቁ በፊት መሮጡ ነው። የኢልያስን መጨረሻ፣ ከጀርመን ማጎሪያ ካምፕ ድረስ የሚዘልቀውን ታሪክ፣ በጥቂት ገጾች እንደ መዝገብ ቤት ማስታወሻ አጠናቀቀው፤ ያን ያህል ስንጠብቀው ለኖርነው ሰው ያ አይበቃም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የዲናው ሥራ ከሁለቱ ይልቅ አደከመኝ። ፓሪስ የሚኖረው ጋዜጠኛ ማሙሽ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ስለኖረው፣ እንደ አባት ስለሚያየው ሳሙኤል ሕይወትና ሞት ይመረምራል። ደራሲው ቁልፉን ሁሉ ይደብቃል፤ ዘመኑን ያቆራርጣል፤ አንዳንዴ የተደበቀው ነገር ክብደት ያለው ይሁን አይሁን እንኳ እንዳናውቅ ያደርገናል። ይህን እንደ ድክመት ቆጥሬው ነበር። ሆኖም ሃያ ዓመት አሜሪካ ታክሲ ነድቶ ለእረፍት የመጣ አንድ ዘመዴ ስለ ኑሮው በተጠየቀ ቁጥር የሚነግረን የመንገዶቹን ስም ብቻ እንደነበር ትዝ አለኝ። ሌላውን እናቱም አልሰማችም። መጽሐፉን ከጨረስኩ በኋላ ወደ መጀመሪያው ተመልሼ ሳሙኤል የሚናገርባቸውን ገጾች ብቻ ለይቼ ደግሜ አነበብኳቸው።