ስንት ሜጋፒክስል ናት?

ሰሞኑን የዘመድ መልስ ላይ ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ቆሜ አንዱ ጎረምሳ ጠጋ አለና "ፋዘር፣ ይቺ ነገር ስንት ሜጋፒክስል ናት?" አለኝ። ፋዘር የምትለዋን እንኳን እለፋት። 12 አልኩት፣ ፎቶው ከ12 ሚሊዮን ነጥብ ይሰራል ማለት ነው። ሳቀ። "የኔ ስልክ 108 ነው" አለ። እንግዲያውስ ሙሽሪትን እሱ ያንሳታ!

ካሜራዬ ኒኮን ዲ90 ናት፣ በፈረንጆቹ 2008 የወጣች። ቪዲዮ መቅረጽ የጀመረችው የመጀመሪያዋ ዲኤስኤልአር (ውስጧ መስታወት ያላት፣ ሌንሷ የሚቀየር ካሜራ) እሷ ናት፣ ግን ይሄን ማን ይጠይቃል። ሴንሰሯ፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍሏ፣ 24 በ16 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ስልክ ላይ አንቱ የተባለው ደግሞ 13 በ9፣ አብዛኛው እዛም አይደርስ። እዛች ላይ 108 ሚሊዮን ነጥብ ታጭቆ ምን ሊሆን? ስልኩ ራሱ ያውቀዋል እኮ፣ ካልነካካኸው በቀር ዘጠኝ ዘጠኙን አንድ ላይ ጨፍልቆ 12 ሜጋፒክስል አድርጎ ነው የሚያስቀምጥልህ። እኩል ነን ማለት ነው! ከዛ ደሞ በቴሌግራም ይልከዋል፣ ቴሌግራም የቀረውን ይጨምቀዋል።

ከሰውየው ኋላ ያለውን የሚያደበዝዘውን፣ ፖርትሬት ሞድ የሚሉትንማ ተዉት፣ ሚዜዋን አፍሮዋን ዙሪያውን በመቀስ የከረከሙት አስመስሎ አወጣት።

ሚረርለስ፣ ያ መስታወት የሌለውን አዲሱን ካሜራ፣ የያዙት ደግሞ ሌላ ጉድ ናቸው። እውነቱን ለመናገር ትኩረቱ አይን ላይ ልክክ ይላል፣ ማታም ያምራል፣ የኔዋ ጨለማ ውስጥ ብርሃን ለማጉላት አይኤስኦ 3200 ስትገባ ፎቶው ላይ ሽሮ የተነሰነሰ ነው የሚመስለው። ግን የ2013ቱ ሶኒ ኤ7 በአንድ ቻርጅ 340 ፎቶ ገደማ ነው የሚባልለት፣ የኔዋ 850። መብራት እንዲህ በሚሄድበት አገር ይሄ ቀላል ነገር ነው እንዴ?

ለነገሩ ማወዳደር ድሮም በሽታችን ነው። የጎረቤት ልጅ እያሉ ያሳደጉን ሰዎች ነን፣ እሱ ዶክተር ሆነ፣ እሷ አሜሪካ ገባች፣ አንተስ?

በጣም የምወዳት ተረት አለች፣ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም"። ሞኙ አሁንም ሞልቷል፣ ወረቀቱ ነው የጠፋው። ያ ሁሉ ሜጋፒክስል ታጥቦ አልበም ሲገባ አይታችኋል? ፍላሽ ላይ ይገለበጣል፣ ፍላሹ ይጠፋል፣ በቃ ሰርጉ እንዳልተሰረገ ነው። ታተመ ከተባለም ጉርድ ፎቶ ነው፣ እሱም ቢሆን... አንዱ ፎቶ ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ ለመታወቂያ ተነሳ ተብዬ ብሄድ ልጁ ሳልጠይቀው ፊቴን አንጥቶ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ግንባሬ ላይ ያለችውን ጠባሳ አጥፍቶ፣ ጭራሽ ፀጉር ጨምሮ ሰጠኝ። መታወቂያ የሚሰጡበት መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ "ባለቤቱ ራሱ ይምጣ" አለችኝ። ሌላ ፎቶ፣ ሌላ ሰልፍ፣ ብሬም አልተመለሰ፣ እስከዛሬ በዛ በር ሳልፍ ደሜ ይፈላል። ደሞ ካሜራው አዲስ ነበር፣ የኔን ዲ90 አስር የሚገዛ!

ምን ላይ ነበርኩ? አዎ፣ ብር ያለው ሚረርለስ ይግዛ፣ አልከለክልም። የሌለው አሮጌ ዲኤስኤልአር ከነሌንሱ ይፈልግ፣ ግን ሻተሩ (ፎቶ ሲነሳ ተከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ) ስንት ጊዜ እንደተነሳበት ሳይጠይቅ እንዳይከፍል፣ የዲ90 ሻተር የተሞከረው እስከ 100,000 ጊዜ ነው። ሻጩ "ሻተር ምንድነው?" ካለ ዋጋ መከራከር አያስፈልግም፣ ጥላችሁት ሂዱ።