ማስተካከያ፦ የወላጅ ወረቀት ማጣት ልጁን ከድጋፍ አያግደውም

ባለፈው ሳምንት፣ በአሜሪካ ላቲኖ ተማሪዎች ኮሌጅ ጀምረው ለምን እንደሚያቋርጡ ስጽፍ፣ "ወላጆቻቸው የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው የፌዴራል ድጋፍ አያገኙም" ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የሚታየው የተማሪው የራሱ ሁኔታ ነው። እዚያው የተወለደች ልጅ፣ እናትና አባቷ ወረቀት ባይኖራቸውም፣ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል ድጋፍ ማመልከቻ ቅጽ ሞልታ ፔል ግራንት (አነስተኛ ገቢ ላላቸው ተማሪዎች የሚሰጥ፣ በአብዛኛው የማይመለስ የፌዴራል ገንዘብ) መጠየቅ ትችላለች። እ.ኤ.አ. ከ2024-25 ቅጽ ጀምሮ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም የራሱን አካውንት ከፍቶ ይፈርማል። (መጀመሪያ ላይ ሲስተሙ እነዚህን ቤተሰቦች ክፉኛ አንገላቷቸዋል።) ድጋፉን የማያገኙት ራሳቸው ወረቀት የሌላቸውና የዳካ (በልጅነታቸው መጥተው ከመባረር ጊዜያዊ ከለላ ያገኙ) ተማሪዎች ናቸው። እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ግዛቶች ግን ለእነሱም የራሳቸው ድጋፍ አላቸው።

ሁለተኛው ስህተቴ "አንዴ ከተፈቀደ እስከ ምረቃ ይቀጥላል" ማለቴ ነው። አይቀጥልም። ቅጹ በየዓመቱ ይሞላል፣ ውጤትም ይታያል። ብዙ ልጅ የሚቀረው እዚህ ጋ ነው። ቅጹ ይረሳል፣ ትንሽ ዕዳ ይቀራል፣ በዚያች ዕዳ ምዝገባ ይታገዳል። ልጁ የሥራ ሰዓት ይጨምርና ኮርስ ይቀንሳል። ኮርስ ሲቀንስ ፔሉም አብሮ ይቀንሳል። በ2024-25 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር፤ እሱም በሙሉ ጊዜ ለሚማር ነው።

የጥገኝነት ጉዳያችሁ ያላለቀ ሐበሻ ወላጆች፣ ልጃችሁ አሜሪካ ከተወለደ ሕጉ ለእናንተም ያው ነው። በእኔ ጽሑፍ የተነሳ ቅጹን የተዋችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ የልጃችሁን የትምህርት ቤት አማካሪ በዚህ ሳምንት አነጋግሩ።