ለዩቲልስ ፎልደር ጀግኖች ምስጋና ይድረሳቸው

አዲስ የጃቫስክሪፕት ፕሮጀክት በከፈቱ ቁጥር ዩቲልስ (የትናንሽ መገልገያ ኮዶች ፎልደር) ውስጥ ዲፕመርጅ የምትል፣ ሁለት ኦብጀክቶችን (ኪይና ዋጋ የያዙ የዳታ ጥቅሎችን) እስከ ውስጣቸው የምታዋህድ ፈንክሽን በ12 መስመር ጽፈው "አለቀ" የሚሉ ሰዎች አሉ አይደል፣ እስካሁን ያመሰገናቸው ሰው አለመኖሩ ይገርመኛል። ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ)? ላይብረሪማ ለሰነፍ ነው!

መነሻቸው አይካድም። ጃቫስክሪፕት ራሱ ለማዋሃጃ የሚሰጣቸው የ2015ቱ ኦብጀክት አሳይንም ሆነ በ2018 ለኦብጀክት የገባው ስፕሬድ የሚያዋህዱት የላይኛውን ደረጃ ብቻ ነው፣ ዲፎልቱ (ቀድሞ የተቀመጠው ሴቲንግ) ላይ ዳታቤዝ ስር ሆስት፣ ፖርትና ታይምአውት ተቀምጦ ዩዘሩ ሆስቱን ብቻ ሲቀይር ፖርቱም ታይምአውቱም ድራሻቸው ይጠፋል። ጀግናችን ታዲያ መላ አለው፣ ታይፕኦፉ (ጃቫስክሪፕት የሚነግረው የዳታው ዓይነት) ኦብጀክት ከሆነ ወደ ውስጥ ይገባል ካልሆነ ይተካል፣ በቃ። ናልም (ባዶ ዋጋው) ታይፕኦፉ ኦብጀክት ነው? ይሁና፣ ናል ደሞ ማን ይልካል! ዴትም (ቀን የምትይዘው) ኦብጀክት ናት፣ ገባባት፣ የሚዞርበት ኪይ አጣ፣ ባዶ ኦብጀክት አድርጎ መለሳት። የልደት ቀን ጠፋ አልጠፋ ምን ያደርጋል፣ ዋናው ጤና።

አሬይ (በተራ የተደረደረ ዝርዝር) ላይ ሲደርስ ግን እጄን አፌ ላይ ነው የምጭነው። ዲፎልቱ እንዲገቡ የሚፈቅደው ለጎብኚ፣ ለጸሐፊና ለአርታኢ ነው እንበል፣ አንዱ ጠንቃቃ መጥቶ "አድሚን ብቻ" ብሎ ባለአንድ አሬይ ይሰጠዋል፣ ፈንክሽኗ ኢንዴክስ በኢንዴክስ (በተራ ቁጥር) ታዋህድና አድሚን ጎብኚው ቦታ ላይ ቁጭ ይላል፣ ጸሐፊና አርታኢ ግን ከወንበራቸው ንቅንቅ የለም። (ታዋቂው ላይብረሪ ሎዳሽም እንደዛው ነው የሚያደርገው ትሉኝ ይሆናል፣ ልክ ናችሁ፣ ሎዳሽ ግን ቢያንስ ዶክመንቴሽን አለው።) ልተካው ወይስ ከኋላ ልቀጥለው ብሎ መጠየቅ እኮ የፈሪ ስራ ነው።

ለጋስነታቸውስ! ኮፒ ሳይሰሩ ዲፎልቱ ላይ ራሱ ስለሚጽፉ የመጀመሪያው ዩዘር ሴቲንግ ለሁለተኛውም ይተርፋል። ከውጭ በመጣ ጄሰን (ዳታ የሚላክበት ጽሑፍ) ውስጥ ግራ ቀኟ ሁለት ሁለት አንደርስኮር ያላት ፕሮቶ የምትባል፣ ኦብጀክቶች ወደሚጋሩት ወላጅ የምታደርስ ኪይ ከተደበቀችማ ልግስናው ወሰን ያጣል፣ አንድ ሰው "ኢዝአድሚን ትሩ" ብሎ የላከው ለሁሉም ኦብጀክት ይዳረሳል። እነ ሎዳሽ 2018 ላይ፣ ሌላው ላይብረሪ ጄኳሪም 2019 ላይ በ3.4.0 ይቺን ቀዳዳ ሲደፍኑ ከነሲቪኢ (በይፋ የተመዘገበ የደህንነት ቀዳዳ) ቁጥሩ አደባባይ ወጥቶባቸዋል።

ባለፈው አንዱን ጀግና ስለዚሁ ጉዳይ ብጠይቀው ደረቱን ነፍቶ "የኔ ላይ አንድም ሲቪኢ ተመዝግቦ አያውቅም" አለኝ። እውነቱን ነው።