ቻይው ማሬ፣ እየያዘልሽ ነው!

ኧረ ይሄ «ትንሽ ቻይው» የሚሉት ነገር በሽታ ሊያሲዘኝ ነው። ሰሞኑን እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ፀጉር ቤት አንዷ ልጅ ሪላክሰር (የፀጉር ማለስለሻ ኬሚካሉን) ተቀብታ «አቃጠለኝ» ስትል ሠሪዋ ምን ብትላት ጥሩ ነው? «ቻይው ማሬ፣ እየያዘልሽ ነው!» ካስክ ስር የተቀመጡ አንድ እትዬም ሳይጠየቁ «ካላቃጠለማ ምኑን ያዘው» ብለው አጸደቁላት። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ቻለች። ያልቻልኩት እኔ ነኝ።

ብዙ ሪላክሰር ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ እኮ የተዘጋ ቧንቧ መክፈቻ ውስጥ የሚገባው ነገር ነው! ሪላክሰሩ ላይ ሲሆን የፀጉሩን የውስጥ ማሰሪያ በጥሶ ነው ቀጥ የሚያደርገው፣ ፀጉሩ የቱ ነው ቆዳው የቱ ነው ብሎ ደግሞ አይለይም። ስለዚህ ማቃጠሉ የሚነግርሽ መያዙን ሳይሆን ቆዳሽ መላጡን ነው፣ ያኔ ተነስቶ መታጠብ ነው እንጂ ምን መቻል አለ።

አያቴ ነፍሷን ይማርና ለእንዲህ ያለው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ትል ነበር። ለሁሉ ነገር ነበር የምትለው፣ አዲስ ጫማ ለገዛም፣ ለቸኮለ ሙሽራም፣ ከሰዓት ቡና ለደገመም። በጣም የምወደው ተረት ነው፣ ግን በዘንድሮ የጤፍ ዋጋ መሻሻል ሳይኖርበት አይቀርም፣ ቸገረሽም አልቸገረሽም ማን ሊያበድርሽ!

ለነገሩ ሉጫ ካልሆንሽ ብሎ ያዘዘብን ማነው? ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተደረደሩትን መላእክት እዩዋቸው፣ አንዳቸውንም ፔስትራ (የፀጉር መተኮሻው) የነካቸው አይመስልም፣ አፄ ቴዎድሮስም በሹሩባቸው ነው የሚታወቁት። እኛ ግን ጥምቀት ሲደርስ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ወደ ፀጉር አዛውረን ፀጉር ቤት በር ላይ እንሰለፋለን።

እዚህ ላይ የቆየ ቂም አለኝ። አንድ ጥምቀት እንደዛ ተሰልፌ ተተኩሼ ፋሲለደስ መዋኛ ሄድኩ፣ ተባርኮ ሲረጭ ጎማ የያዘው ጎረምሳ ያን ሁሉ ሕዝብ ትቶ እኔ ላይ ቆመ። በረከቱን አልጠላሁም፣ ልጁን ነው። የተተኮሰ ፀጉር ውሃ እስኪነካው ነው፣ ቤት ስደርስ ተጨብጦ አናቴ ላይ ወጥቷል። እስከዛሬ መንገድ ላይ ሳገኘው ሰላም አልለውም።

ግን እውነቱን ለመናገር ተኩስ ይሻላል፣ ቢያንስ ይመለሳል፣ ፔስትራውን ከ200 ዲግሪ በላይ አግለሽ ወይ እርጥብ ፀጉር ላይ ጭነሽ ካልጠበስሽው በቀር (እርጥቡን ሲነካው ውስጡ ያለው ውሃ ይፈላና ፀጉሩን አረፋ አርጎ ይሰብረዋል)። ሪላክሰር የነካው ግን አይመለስም፣ በወር 1 ሴንቲ ገደማ እስኪያድግ ትጠብቂያለሽ።

«ኬራቲን ነው» እያሉ የሚቀቡት ዓይን የሚያስለቅሰው ማለስለሻ ላይ ሲደርስ ግን ቀልዴ ያልቃል። ብዙዎቹ ሲሞቁ ፎርማልዴሃይድ ይለቃሉ፣ ሬሳ ማቆያው ፎርማሊን ማለት እኮ እሱው በውሃ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ተቋምም ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። እና በሩን መስኮቱን ዘግተው ይተኩሱታል! የምትታጠነው ደግሞ ደንበኛዋ ብቻ አይደለችም፣ ሠሪዋ ቀኑን ሙሉ እዛው ናት። ስለ ኬሚካል ማለስለሻም አሜሪካ ውስጥ ወደ 34 ሺህ ሴቶችን ተከታትሎ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ፣ በዓመት ከ4 ጊዜ በላይ ከተጠቀሙት ውስጥ እስከ 70 ዓመታቸው የማህፀን ካንሰር የሚይዛቸው ከ100 ወደ 4 ሲሆኑ ካልተጠቀሙት ግን 2 እንኳ አይሞሉም። ምክንያቱ ይሄው ነው ብሎ አልፈረደም፣ እኔ ግን «ቻይው» ለምትለኝ እሱን ነው የማነብላት።

እሺ ሪላክሰር የግድ ነው ካልሽ ሹሩባ ፈትተሽ ራስሽን አክከሽ በማግስቱ አትቀቢ፣ ግንባርሽንና ጆሮሽን ቫዝሊን፣ ሪላክሰሩ አዲስ በበቀለው ላይ ብቻ፣ ያውም ቢያንስ 2 ወር ቆይቶ። ደግሞ ያለነው ጎንደር ነው፣ ወንበሩ ላይ ከመቀመጥሽ በፊት «ውሃ አለ?» በያቸው፣ በብዙ ውሃ ካልታጠበ አይለቅም። እኔ አንዱ ጋ ጠይቄ ነበር፣ «አንድ ጀሪካን አለችን፣ ግን እሷ ለቡና ናት» አሉኝ።