ድምፁን የበላው ገመዱ ነው፣ ገመዱ!

ኧረ ተዉኝ ዛሬ! ደሴ ውስጥ «ሳውንድ ማን» ለመባል ሚክሰር መግዛት ብቻ ነው መሰል የሚበቃው። የሰርጉ ድንኳን ሞልቷል፣ ሳውንድ ማኑ ፒኦ-33 የምትባለውን በእጅ የምትያዝ ትንሽ የሙዚቃ ዕቃችንን አንስቶ አገላብጦ አየና፦

«ይሄ ምንድን ነው፣ ካልኩሌተር?»

«ሳምፕለር ነው ጋሼ፣ ድምፅ ቀድቶ በቁልፍ የሚያጫውት።»

«ታዲያ ድምፁ የታለ? ሂሳብ ብቻ ነው የሚሠራው?»

በማይክ እኮ ነው! ሚዜዎቹ ሳይቀሩ ተንከተከቱ።

ጋሼ፣ የዕቃዋ መውጫ 3.5 ሚሊሜትር ስቴሪዮ ነው፤ በግራም በቀኝም የሚወጣው ያው አንድ ድምፅ ነው። እርስዎ ደግሞ ባለሁለት ቀለበቱን ትልቁን ጃክ ባላንስድ በሚባለው የሚክሰሩ መግቢያ ላይ ሰኩት። ሚክሰሩ እዚያ ጋ አንዱን ከሌላው ይቀንሳል። እኩል ከእኩል ሲቀነስ ዜሮ! ሂሳብ የሠራው የእርስዎ ሚክሰር ነው እንግዲህ። ጃኩን ትንሽ ሳብ ቢያደርጉት እንኳ ድምፁ ይመጣ ነበር። ትክክለኛው ከ3.5 ስቴሪዮ ወደ ሁለት ሞኖ ጃክ የሚከፈለው ገመድ ነው፣ አንዱን እግር ብቻ መሰካትም ይበቃል። ግን ማን ይሰማል? ኮምቦልቻ ላይም «ኪቦርዱ እያለ ምን አስጨነቃችሁ» ተብሏል። ሰርግ በተሄደ ቁጥር ያው የኪቦርድ ከበሮ፣ ያው የኪቦርድ ጭብጨባ፤ አልሰለቻችሁም?

ይቺ ትንሽ ነገር እኮ የራሷ ማይክ አላት። ሪኮርዱን ከቁጥር ጋር ተጭኖ ይዞ እውነተኛ ከበሮ መቅዳት ነው፣ አለቀ። ከ1 እስከ 8 ለዜማ፣ ከ9 እስከ 16 ለምት። ቅኝት መምረጫ የላትም፣ እሺ። አንቺሆዬ የፈለገ ግን አምስቱን ድምፅ በክራር፣ በመሀል ዝም እያለ፣ 9 ላይ ይቅዳ፤ ራሷ ቆራርጣ በየቁልፉ ታስቀምጥለታለች። በማሲንቆ አትሞክሩት፤ ጭረቱ ቀስ ብሎ ስለሚነሳ የት እንደምትቆርጥ አታውቅም።

ጉድለቷን ደግሞ ከሳውንድ ማኑ በላይ እኛ እናውቃለን። ሜሞሪዋ በጠቅላላ 40 ሴኮንድ! አንድ የዘፈን መግቢያ ከነአዝማቹ ቢገባ ሌላ ቦታ የለም። ጥራቷ 8 ቢት ነው፤ ለከበሮ ያምርበታል፣ የሰው ድምፅ ግን አሸዋ ይነሰነስበታል። ድምፁን ሲያቀጥኑት ፍጥነቱም አብሮ ይጨምራል።

የሚያናድደው ግን 16ቱ እርምጃ ነው፤ አንድ ፓተርን (የምት ድርድር) ሁልጊዜ 16 ቦታ ነው። ችክችካ በ12 እርምጃ ነው የሚዞረው፣ ፓተርኗ ደግሞ አያጥርም! መላው እንዲህ ነው፦ አራት ዙር 48 ነው፣ ሦስት ፓተርንም 48። የየዙሩ መጀመሪያ በመጀመሪያው ፓተርን 1 እና 13፣ በሁለተኛው 9፣ በሦስተኛው 5 ላይ ይወድቃል። ከዚያ ፓተርንን ተጭኖ ሦስቱን በተራ ማያያዝ። 13ኛው ኢፌክት ምቱን ወደ 6/8 ያዘነብላል፣ አውቃለሁ፣ ግን ችክችካ አይሆንም፤ ትከሻ የለመደ ሰው ወዲያው ይነቃበታል።

ዩኤስቢ የለ፣ ካርድ የለ። ምትኬ ማስቀመጥ ሲያምራችሁ ያላትን ሁሉ ወደ ድምፅ ቀይራ የምትንጫጫውን ጩኸት በገመድ፣ ባልተጨመቀ የድምፅ ፋይል (ዋቭ) ትቀዳላችሁ፤ በቴሌግራም ቮይስ የላካችሁት ተመልሶ አይጫንም። ባትሪውም ሁለት የሪሞት ባትሪ ነው፣ አብሮ አይመጣም፤ የሱቁ ርካሽ ደግሞ ቶሎ ይሞታል፣ ከቆየም ያፈሳል።

ከለላዋም ለብቻ ነው የሚሸጠው። ሰርኪቱ ራቁቱን ነው፣ እዚያ ድንኳን ውስጥ ለስላሳ ይዞ የሚያልፈውን ሁሉ «ኧረ በአላህ፣ ኧረ በማርያም» እያሉ መለመን ነው።